ኦሲዲ ምንድን ነው?

«እኔ እኮ ኦሲዲ አለብኝ፤ ጫማዬ ተደርድሮ ካላደረ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚል ሰው በዛ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተናጋሪ ይባስ ብሎ፣ ኦሲዲ ያለባቸው ሰዎች ጠንቃቆችና ጎበዝ ሠራተኞች ስለሆኑ ነገሩ ጸጋ ነው ሲል ሰማን። ጫማ መደርደር የሚወድ ሰው ደርድሮ፣ ደስ ብሎት ይተኛል። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሱብሂ ውዱእ፣ ማለትም ከንጋቱ ሶላት በፊት ለሚደረገው እጥበት ብቻ የ20 ሊትር ጀሪካን የሚጨርስ፣ የእጁ ቆዳ ተሰነጣጥቆ የሚደማ፣ ሶላቱ ሊያልፈው ሲል ኩስኩስቱን እንደያዘ የሚያለቅስ ልጅ ግን ምኑን ወደደው? ማቆም ነው የሚፈልገው። አልቻለም።

ኦሲዲ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣና የሚያስጨንቅ ሐሳብ፣ ምስል ወይም ጥርጣሬ ነው። ሁለተኛው ያ ጭንቀት እንዲበርድ የሚደጋገመው ድርጊት ነው። ድርጊቱ በዓይን ላይታይም ይችላል፤ በልብ መቁጠር፣ አንድን ጸሎት «በትክክል አላልኩትም» እያሉ ከመነሻው መጀመርም ያው ነው። ይህ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ ወይም ሥራን፣ ትምህርትን፣ ትዳርን ሲያናጋ ሕመም ይባላል። ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ወስዋስ ብሎ ያውቀዋል። ችግሩ ማወቁ ላይ ሳይሆን ቀጥሎ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው፦ «ኢማኑ ስለላላ ነው»፣ «ጸሎት ስለተወ ነው»።

ይህን የሚሉ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ይመልሱ። ኢማኑ የላላ ሰው ውዱኡ ቢበላሽ ባይበላሽ ምን ጨነቀው? በቅዳሴ መሐል በሥዕሉ ላይ ስድብ የሚመጣበት ዲያቆን ንስሐ አባቱ ዘንድ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመላለሰው ቅድስናውን ስለናቀ ነው? ይህ ሕመም ሰው ከምንም በላይ በሚሳሳለት ነገር በኩል ይገባል፦ ሃይማኖተኛውን በሃይማኖቱ፣ እናትን በልጇ። ሐሳቡ ራሱማ የሁላችንም ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ራችማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኞችን ሲጠይቁ አብዛኞቹ ተመሳሳይ አስቀያሚ ሐሳብ ብልጭ እንደሚልባቸው ተናገሩ። ልዩነቱ ጤነኛው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው» ብሎ ማለፉ፣ ታማሚው ግን መልስ ለመስጠት መሞከሩ ነው።

መልስ መስጠት ለምን እንደሚያባብሰው ለመረዳት ወስዋሱን አራጣ አበዳሪ አድርጋችሁ አስቡት። በር ያንኳኳል፤ ልጁ ታጥቦ ወለዱን ይከፍላል፤ አበዳሪው ለግማሽ ሰዓት ዞር ይላል። ሲመለስ ወለዱ አድጓል፤ አምና በሦስት እጥበት ይሸኝ የነበረው ዘንድሮ ሰባት ይጠይቃል። እናት «አብሽር ልጄ፣ ታጥበሃል፣ እኔው አይቻለሁ» ስትል ዋስ ሆና ከፈለችለት ማለት ነው፤ ነገ ቀጥታ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ሸሁን «ሶላቴ ተቀባይነት አለው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን አግኝቶ፣ በማግሥቱ ሌላ መስጊድ ሄዶ ያንኑ መጠየቅም ክፍያ ነው። መክፈል የተቋረጠ ቀን አበዳሪው ይዝታል፣ ይጮኻል፤ የሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት የሚከብዱት ለዚህ ነው። አንድ ላይ ብቻ ምሳሌው አይሠራም፦ አራጣ አበዳሪ እውነትም ያበደረው ገንዘብ አለ፤ እዚህ ግን ከመነሻው የተበደረ ሳንቲም የለም።

ክፍያውን በሥርዓት የማቋረጡ ሕክምና ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሜየር በ1966 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ሥራ የተነሣ ነው። ታማሚው የሚፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጠ ይዘረዝራል። የበር እጀታ ነክቶ አንድ ሰዓት ሳይታጠቡ መቆየት 40፣ አንዴ ውዱእ አድርጎ ጥርጣሬው እያለ መስገድ 80 ሊሆን ይችላል። ከ30 ወይም ከ40 ተጀምሮ፣ ሳይታጠቡና ሳይጠይቁ ጭንቀቱ እስኪረግብ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 90 ደቂቃ። በየቀኑ ይደገማል። ማንንም ሃይማኖቱ የሚከለክለውን አድርግ ማለት አይገባም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ውዱእ ላይ አንድን አካል ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ ሱናው ራሱ አይጠይቅም፣ ነቢዩ ሙድ በሚባል መስፈሪያ አንድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ይህም አንድ ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። «እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይነሣም» የሚለውም የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ መርህ ነው። ስለዚህ ከሸሁ ጋር አንዴ ተማክሮ፣ አንድ ሊትር ለክቶ፣ ውሃው ሲያልቅ ወደ መስገጃው መሄድ ነው።

ሕክምናው የሚበላሸው የት ነው? ልጁ እጁን ከመታጠብ ታቅቦ በልቡ 33 ጊዜ «አስተግፊሩላህ» ካለ ከፍሏል። ጭንቀቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከተነሣ፣ መሸሽ እንደሚያድን ነው የተማረው። ባለሙያውም «አብሽር፣ ምንም አትሆንም» ካለ እሱም ዋስ ሆኗል።

ሁሉ ድግግሞሽ ኦሲዲ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እዚያው የነበረ ሰው ሌሊት መዝጊያውን ደጋግሞ ቢያይ፣ ከደረሰበት ነገር የመጣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ። አራስ እናትም «ልጄን እወጋው ይሆን» ብላ ደንግጣ ቢላዋውን ብትደብቅ ኦሲዲ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ያስፈራታል፣ ልታደርገው አትፈልግም። «ልጅሽን ግደይ» የሚል ድምፅ ከሰማች ወይም ማድረግ እንዳለባት ካመነች ግን የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ትወሰድ፤ ልጁም ከእሷ ጋር ብቻውን አይተው።

ብዙ ታማሚ ስለ እጥበቱ አፍሮ ለሐኪም የሚናገረው ራስ ምታቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ነው። እናም አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የቆየ የድብርት መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ ለኦሲዲ አይሆነውም። ማረጋጊያው ዳያዜፓምም ሕመሙን አያክምም። የሚሠራው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለው መድኃኒት ነው፤ በ20 ሚሊግራም ተጀምሮ ሐኪሙ እስከ 60 ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ውጤቱ የሚለካው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል ያለጊዜው ነው። ከዚህ በፊት ያለ ልክ ተነቃቅቶ፣ ሳይተኛ ሰንብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይናገር፤ መድኃኒቱ ያንን ሊቀሰቅስ ይችላል። ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣበት ቤተሰብ ይከታተለው። መሻሻል ከታየ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ይወሰዳል፤ ሲቆም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ስለሆነ ረመዳን ቢመጣ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ እንቅልፍ ሊነሣ ስለሚችልም ከኢፍጣር ይልቅ ሱሁር ላይ መዋጡ ይሻላል።