የክረምት ዝናብ ትንበያ በኢትዮጵያ

የክረምት ትንበያ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ እንዴት እንደሚሆን ወቅቱ ሳይገባ የመገመት ሥራ ነው። ነገ ይዘንባል አይዘንብም ከሚለው የዕለት ትንበያ ይለያል። እዚህ የሚፈለገው የአራቱ ወር ጠቅላላ መልክ ነው። (ዓ.ም. ያልተባሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገሩን የመታውን «ክፉ ቀን» የተባለ ረሃብ ተመራማሪዎች ዛሬ ከኤልኒኖ፣ ማለትም ከሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ያያይዙታል።

የሜትሮሎጂ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ያገኘው በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ማለት ነው። የወቅት ትንበያ ማውጣት የጀመረው በ1987 ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሀገራት በጋራ የሚተነብዩበት መድረክ ናይሮቢ ላይ የተጀመረው በ1998 ነውና፣ የኛዎቹ 11 ዓመት ቀድመዋል። ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ዋናው ዘዴ «ተመሳሳይ ዓመት» መፈለግ ነው። ባለሙያው የሰላማዊ ውቅያኖስን የወለል ሙቀት ያያል። ከዚያ ውቅያኖሱ እንደዘንድሮው የነበረባቸውን ያለፉ ዓመታት መርጦ፣ ያኔ በየአካባቢው ምን ያህል እንደዘነበ ይመለከታል። የውቅያኖሱ መካከለኛ ክፍል ከተለመደው በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሞቆ ከቆየ ኤልኒኖ ይባላል። ያን ጊዜ ክረምቱን የሚያመጡት ነፋሳት ይዳከማሉ፤ ዝናቡም ይሳሳል። ነገሩ ዓባይ ላይም ይታያል። ተመራማሪው ኤልፋቲህ ኤልታሂር በ1996 ባወጣው ጥናት፣ የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት ከዓመት ዓመት ከሚያሳየው መዋዠቅ ሩብ ያህሉ ከኤልኒኖ ጋር የተያያዘ ነው።

በ2007 ተመራማሪዎቹ ድሪባ ቆሪቻና አንቶኒ ባርንስተን የክረምቱን ዝናብ በዋናነት የሚዘውረው ይኸው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሁኔታ መሆኑን አሳዩ። ችግሩ፣ ኤልኒኖ ራሱ እስከ ግንቦት ድረስ በደንብ አይለይም። ገበሬው ግን በግንቦት መሬቱን አርሶ ጨርሷል፤ ማሽላና በቆሎ ቀድመው ነው የሚዘሩት።

ትንበያው ሦስት ቁጥር ይዞ ይወጣል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድል በመቶኛ። ሰሚው ግን ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ይሄዳል። «መደበኛ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ፣ ነሐሴ ላይ ዶፍ ወርዶ ድምሩ መደበኛ ሊሆን ይችላል። ከ1999 እስከ 2011 የወጡትን ትንበያዎች የመዘነ ጥናት፣ ወደ «መደበኛ» እንደሚያደሉና ደረቅ ዓመትን ለመያዝ እንደሚቸገሩ አግኝቷል። ባለሙያን አትፍረዱበት፤ ድርቅ ይመጣል ብሎ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

2015 ትልቁ ፈተና ነበር። መጀመሪያ በልጉ ቀረ። ከዚያ ከተመዘገቡት ኃይለኛ ኤልኒኖዎች አንዱ መጣና ክረምቱም ከዳ። አፋር፣ የሶማሌ ክልሉ ሲቲ ዞን፣ ወሎ፣ ደቡብ ትግራይና ሐረርጌ ክፉኛ ተመቱ። በታኅሣሥ የተረጂው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ድርቅ በ260 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነው ብሏል፤ ድግግሞሹ ቢበዛ በ60 ዓመት አንዴ ሊሆን ይችላል። የኤልኒኖ እጅ አለበት። የዓለም ሙቀት መጨመር ግን በዝናቡ ላይ ግልጽ አሻራ አልተገኘበትም።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብስ? ዝናብ መጥፋቱ አያከራክርም። ምን ያህሉ የሰማይ፣ ምን ያህሉ የጦርነትና የፖለቲካ ነው የሚለው ዛሬም ያነታርካል።

የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በሌለበት ቆላ የሳተላይት መረጃ ክፍተቱን ይሞላል። የሀገሪቱን የጣቢያ ልኬት ከሳተላይት ጋር አዋህዶ ካርታ የማውጣቱን ሥራ ከመሩት አንዱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ቱፋ ድንቁ ነው።

በልግ ለትንበያ አስቸጋሪ ነው፤ ከኤልኒኖ ጋር ያለው ትስስር የላላ ነው።

ቦረናና ሶማሌ ደግሞ ክረምት የላቸውም፤ የሚዘንብላቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና በመኸር ነው። እዚያ ጠላቱ የኤልኒኖ ተቃራኒ፣ ማለትም የውቅያኖሱ መቀዝቀዝ የሆነው ላኒና ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። በ2023 የወጣ ጥናት የዓለም ሙቀት ይህን ድርቅ ቢያንስ 100 እጥፍ ያህል ይበልጥ እንዲከሰት አድርጎታል ይላል፤ ሙቀቱ ያለችውን እርጥበት ስለሚመጥጣት ጭምር። ሞዴሎቹ የመጋቢት–ግንቦቱ ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። መለኪያው ግን ለዓመታት ሲቀንስ ነው ያየው። ሳይንቲስቶቹ ይህን «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል።