መዋቅራዊ ዘረኝነት ምንድን ነው? ጤናን የሚጎዳውስ እንዴት ነው?

በአማርኛ «ዘረኛ» የምንለው ሰውን ነው። ቃሉ ሲነሳ በአእምሯችን የሚመጣው የሚንቅ፣ የሚሳደብ ወይም ለወገኑ ብቻ የሚያዳላ ግለሰብ ሲሆን፣ በአገራችን አነጋገር ብዙውን ጊዜ የብሔር ጉዳይ ሆኖ ይወሰዳል። «መዋቅራዊ ዘረኝነት» የሚለው ሐረግ ለጆሯችን እንግዳ የሚሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። እዚህ ላይ ዘር የተባለው ሰዎች በቆዳ ቀለማቸው የተመደቡበት ክፍፍል ነው፤ ጉዳቱን የሚያደርሰውም ሕግ፣ የብድር ደንብ፣ የከተማ ፕላንና የሆስፒታል አሠራር ተያይዘው የፈጠሩት ሥርዓት ነው።

ለደሴ ሰው ነገሩን በውሃ መስመር ማስረዳት ይቀላል፤ ከተማችን ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አላትና። የአንድን ከተማ የውሃ መስመር በየት በኩል እንዲያልፍ የወሰነው ባለሥልጣን ጡረታ ከወጣ፣ እንዲያውም ከሞተ በኋላ፣ መስመሩ ሳይደርሰው በቀረው ሰፈር የተወለደ ሕፃን በተቅማጥ ይታመማል። በዚያን ጊዜ ሕፃኑን የሚጠላ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ይህ ምሳሌ ዘርን አይመለከትም፤ የሚያሳየው ጉዳት ጎጂው ከሄደ በኋላ እንዴት እንደሚቀጥል ነው። በአሜሪካ ግን መስመሩ የተሠመረው በቆዳ ቀለም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ200 በላይ ከተሞችን ካርታ አዘጋጅቶ ሰፈሮችን በአራት ደረጃ ከፈለ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በቀይ ተቀቡ፤ ትርጉሙም እዚያ ማበደር አደገኛ ነው የሚል ነበር። በቤት ሽያጭ፣ ኪራይና ብድር ማዳላት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው፤ እስከዚያው ቤት መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት ሳያፈራ ቀርቷል። ካርታው ዛሬም በአየሩ ላይ ይነበባል። በ2020 የታተመ የ108 ከተሞች ጥናት እነዚያ ቀይ ሰፈሮች ቀይ ካልተቀቡት ሰፈሮች በአማካይ በ2.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚበልጡ በሙቀት አሳይቷል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የሚቀበለው ሙቀት ከመልክዓ ምድሩ የመጣ ነው፤ እዚያ ግን በአንድ ከተማ ውስጥ የሙቀቱ ልዩነት የመጣው ዛፍ ከማጣትና ከአስፋልት መብዛት ሲሆን፣ ሙቀቱ የልብ፣ የሳንባና የኩላሊት ሕመምን ያባብሳል።

ሕክምናውም ከዚህ አልራቀም። በ1946 የወጣው የሆስፒታል ግንባታ ሕግ የመንግሥት ገንዘብ ጥቁርና ነጭን ለይተው ለሚያስተናግዱ ሆስፒታሎች እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር፤ ይህ አንቀጽ በፍርድ ቤት የተሻረው በ1963 ነው።

«ምናልባት በደማቸው ያለ ነገር ይሆናል» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። በ2021 በአሜሪካ ከ100,000 ሕያው ልደቶች 69.9 ጥቁር እናቶች ሲሞቱ፣ የነጮቹ ቁጥር 26.6 ስለነበር ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ አሳማኝ የሆነው መልስ ስለ እኛው ሰዎች የሚናገር ነው። በ1997 የታተመ የኢሊኖይ ግዛት ጥናት የሕፃናትን የልደት ክብደት ሲያነጻጽር፣ አሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች ልጆች በአማካይ 3,446 ግራም፣ አፍሪካ ተወልደው ወደዚያ የሄዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,333 ግራም፣ አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች ደግሞ 3,089 ግራም ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ደም ቢሆን ኖሮ ከአፍሪካ የሄዱት እናቶች ልጆችም ቢያንስ እንደ አሜሪካ ተወላጆቹ ጥቁሮች ልጆች ያነሱ በሆኑ ነበር። የዚያው ቡድን ተመራማሪዎች በ2002 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የሄዱ ጥቁር ሴቶች እዚያ የወለዷቸው ሴቶች ልጆች በተራቸው ሲወልዱ፣ ሴት ሕፃኖቻቸው እናቶቻቸው ሲወለዱ ከነበራቸው ክብደት በአማካይ አነሱ። ከወሎ የሄደች እህታችን ይዛው ያልሄደችውን ጉዳት ልጇ እዚያው ታገኘዋለች ማለት ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ተመራማሪዋ አርሊን ጄሮኒመስ በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ መሸርሸር ይባላል። የዕለት ተዕለት ንቀት፣ የኑሮ ስጋትና የቤት ኪራይ ጭንቀት ለዓመታት ሲደራረቡ፣ ጎርፍ የጦሳ ተራራን ተዳፋት አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ሁሉ ሰውነትን ከዕድሜው በፊት ያስረጃሉ፤ የደም ግፊትም ቀድሞ ይመጣል።

መዋቅሩ በመሣሪያና በስሌት ውስጥም ይገባል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ የደም ኦክስጅን ማነስን ብዙ ጊዜ እንደሚስት በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለኩላሊት ሕመምተኞች ይሠራበት የነበረው ቀመር ደግሞ ታካሚው ጥቁር ከሆነ የኩላሊቱን አቅም ከፍ አድርጎ ያሰላ ስለነበር፣ ብዙዎች ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚመዘገቡት ዘግይተው ነበር። ቀመሩን ይጠቀሙ የነበሩት ሐኪሞች ሁሉ ታካሚዎቻቸውን ይጠሉ ነበር የሚል የለም። በ2021 ዘርን ያስወጣ አዲስ ቀመር ጸደቀ፤ በጥር 2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች በአሮጌው ስሌት የዘገዩትን ጥቁር ሕመምተኞች ከመዝገብ እየፈለጉ፣ የባከነውን ጊዜ ወደ ወረፋቸው እንዲመልሱ ታዘዙ።