የአሜሪካ ፖሊስ በማን ገንዘብ ይኖራል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ደመወዛቸውን የሚከፍለው ፌዴራል መንግሥት ነው።»

አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስና የሸሪፍ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የአብዛኞቹ በጀት የሚመጣው ከከተማው ወይም ከካውንቲው (ከክፍለ ግዛቱ በታች ካለው የአካባቢ አስተዳደር) ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛ አበሻ በየዓመቱ የሚከፍለው የንብረት ታክስ ጭምር ነው የሰፈሩን ፖሊስ የሚያኖረው። ፖሊስ አነሰ ወይም በዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የካውንቲውን ምክር ቤት ይጠይቅ፤ የኮንግረስ አባሉን ቢጨቀጭቅ ትርፉ ድካም ነው።

«ግራንት ነጻ ገንዘብ ነው።»

ግራንት ማለት እዚህ ላይ ፌዴራል መንግሥት ለፖሊስ የሚሰጠው ድጎማ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በ1994 የወንጀል ሕግ የመጣው ኮፕስ የተባለው ፕሮግራም የአዲስ ተቀጣሪ ፖሊስን የጀማሪ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ለሦስት ዓመት እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ለአንድ ሰው በሦስቱ ዓመት ከ125,000 ዶላር አይበልጥም የሚል ጣሪያ ተቀምጦለት ቆይቷል። እስቲ እናስላው፦ አንድ ጀማሪ ከነጥቅማ ጥቅሙ በዓመት 90,000 ቢያስወጣ በሦስት ዓመት 270,000 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 145,000ው ከከተማው ካዝና ይወጣል። ጊዜው ሲያልቅም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሙሉ ወጪውን ችሎ ቦታውን ማቆየት ግዴታው ነው። ግራንቱ መጣ ብሎ የራሱን የፖሊስ በጀት መቀነስም አይፈቀድለትም። አንዳንድ ትንሽ ከተማ ሳያመለክት ቢቀር አይፈረድበትም።

«ዋሽንግተን ያልታዘዛትን ከተማ እንዳሻት ግራንት ትከለክላለች።»

ነገሩ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በርን ጃግ የተባለው ግራንት ስሙን ያገኘው በ1988 ኩዊንስ ውስጥ የምስክር ቤት ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ከተገደለው የ22 ዓመቱ ፖሊስ ኤድዋርድ በርን ነው። ክፍፍሉን የሚወስነው ኮንግረስ ያወጣው ቀመር ሲሆን፣ የሕዝብ ብዛትንና የከባድ ወንጀልን መጠን ያያል። በ2017 የፍትሕ ሚኒስቴር ከኢሚግሬሽን ጋር የተያያዙ ቅድመ ሁኔታዎች ሲጨምርበት ቺካጎና ፊላደልፊያ ከሰው ረቱ። በ2020 ግን ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመንግሥት ፈረደ። ኮንግረስ ራሱ በግልጽ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ግን በአብዛኛው ይጸናል።

«ያ ሁሉ ብረት ለበስ መኪና በግራንት የተገዛ ነው።»

በግራንት የተገዛም አለ። ሌላው ብዙ ግን 1033 በሚባለው ፕሮግራም ከፔንታጎን (ከመከላከያ ሚኒስቴሩ) ትርፍ ዕቃ የተሰጠ ነው፤ ፖሊስ የሚከፍለው የማጓጓዣውንና የጥገናውን ነው። ባለቤትነቱ የፔንታጎን ሆኖ ስለሚቀር፣ ፖሊስ ሲበቃው ሊሸጠው አይችልም፤ ይመልሰዋል።