የኤሌክትሪክ አኩፓንክቸር ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ

ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በማግስቱ ሐኪሞቹ አልጋው ዘንድ ሲደርሱ የሚጠብቀው ጥያቄ ሌላ ቦታ ቢነሳ የሚያሳፍር ነው፤ «ጋዝ ወጥቶልዎታል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ አንጀቱ መንቃት ጀምሯል። ካልሆነ ሆድ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ይዘገያል፤ አንዳንዴም በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ ቱቦ ማስገባት ግድ ይሆናል። የኤሌክትሪክ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጭን መርፌ ሰውነት ላይ ወግቶ በመርፌው ቀላል ኤሌክትሪክ ማሳለፍ፣ ይህን የጥበቃ ጊዜ ለማሳጠር ከሚሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ነው።

አንጀት የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሲነካካና ሲገላበጥ ሲምፓቴቲክ የተባሉት ነርቮች እንቅስቃሴውን ይገቱታል። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ በግድግዳው ጡንቻ ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ተቆጥተው ብግነት ይነሳል፤ መዘግየቱን በዋናነት የሚያራዝመውም ይህ ነው። ሞርፊንና መሰሎቹም ሕመሙን ሲያስታግሱ አንጀቱን አብረው ያስተኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ አንጀት በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ጨጓራ በ1 ወይም በ2 ቀን ይመለሳል፤ ትልቁ አንጀት ግን 2 ወይም 3 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

እንግዳ የሚሆነው የመርፌው ቦታ ነው። ቁስሉ ሆድ ላይ ሆኖ ሳለ ዋናው ነጥብ እግር ላይ ይገኛል። ዙሳንሊ የሚባለው ይህ ነጥብ ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ወርዶ፣ ከቅልጥም አጥንት አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ነው። ከስፌት መርፌ የቀጠነ መርፌ ወደ ጡንቻው ገብቶ በጣት ይሽከረከራል። ታካሚው ቻይናውያን «ዴቺ» የሚሉት የመክበድና የመደንዘዝ ስሜት ሲሰማው የመሣሪያው ሽቦዎች በትናንሽ መቆንጠጫዎች እጀታው ላይ ይያያዛሉ። ኤሌክትሪኩ ቀስ በቀስ ሲጨመር ጡንቻው በምቱ ልክ ይርገበገባል፤ ካመመ በዝቷል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይደገማል። መርፌው ጥንታዊ የቻይና ጥበብ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ያገናኘበት ሰው ፈረንሳዊ ነበር፤ ሐኪሙ ሳርላንዲዬር በ1825 ስለዚሁ ጽፏል።

ይሠራል ወይ? በ2013 በታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናት 165 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታካሚዎች በሦስት ተከፈሉ። ሁሉም በካሜራ ታግዞ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተሠራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ነበሩ። መርፌ ያልተደረገላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጸዳዱት በአማካይ ከ122 ሰዓት በኋላ ነው። አስመሳይ ሕክምና (እውነተኛ መስሎ የሚታይ ብቻ) ያገኙት ከ107፣ እውነተኛውን ያገኙት ደግሞ ከ86 ሰዓት በኋላ ተጸዳዱ። የመካከለኛው ቁጥር ትርጉም ሊዘለል አይገባም፤ ከጥቅሙ ከሲሶ የሚበልጠው ከመርፌው ተጨባጭ ሥራ ይልቅ ከክትትልና ከተስፋ የመጣ ይመስላል። በ2023 የታተመ 248 ታካሚዎችን ያካተተ የቻይና ጥናትም ልዩነቱን ዝቅ አድርጎ አሳይቷል፤ እውነተኛውን ያገኙት ከ76፣ አስመሳዩን ያገኙት ከ90 ሰዓት በኋላ ተጸዳዱ። በዚያ ግን አንጀታቸው ለረጅም ጊዜ የተኛባቸው ታካሚዎች ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ወርደዋል። በ2010 የወጣ የ90 ታካሚዎች ጥናት በበኩሉ ምንም ጥቅም አላገኘም።

አሠራሩ በአብዛኛው የሚታወቀው ከአይጥ ነው። የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በ2021 እንዳሳዩት፣ ዙሳንሊ አካባቢ በጥልቅ የሚገኙ የተወሰኑ የስሜት ነርቮች በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነኩ ምልክቱ በአንጎል ግንድ በኩል ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ ወደሚወርደው ቬገስ ነርቭና ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ ይደርሳል፤ ብግነትም ይበርዳል። ሆድ ላይ ያለውን ነጥብ እንዲሁ መንካት ያንን አላመጣም። የድሮዎቹ መርፌ ወጊዎች እግርን መምረጣቸው ስለዚህ አያስገርምም።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ላለው፣ ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ወይም ነጥቡ ላይ ቆዳው ለተመረዘ ሰው አይመከርም። ቀድሞ መነሳትንና መራመድን፣ በጊዜ መመገብን፣ ሞርፊንን መቀነስንም አይተካም። ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት ግን አንጀቱ የተኛ እንጂ የታጠፈ ወይም ስፌቱ የተፈታ አለመሆኑ ነው፤ ሆድ እየነፋ ትኩሳት ከተነሳና የልብ ምት ከፈጠነ የሚጠራው ቀዶ ሐኪሙ ነው።