ዘይት በል ባክቴሪያዎች፦ «አፈሩ ራሱ ያጠፋዋል» የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ ጋራዥ ደጃፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ መሬት ጠቁሮ ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲጥልበት እንኳ ውኃው አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ይንከባለላል። «አፈሩ ራሱ ያጠፋዋል» የሚሉ አሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው።

እንደ ሱዶሞናስና ሮዶኮከስ ያሉ የአፈር ባክቴሪያዎች በዘይት ውስጥ ያለውን ካርቦን ይመገባሉ። ኢንዛይሞቻቸው ኦክስጅንን ከዘይቱ ሞለኪውል ጋር ያያይዙና ሰንሰለቱን ይቆራርጡታል፤ በመጨረሻም አብዛኛው ዘይት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለወጣል። ናፍጣ ቶሎ ይፈርሳል፤ ካርቦናቸው በብዙ ቀለበት የተያያዘ ከባድ ውህዶች ግን ለዓመታት ይቆያሉ።

ችግሩ ዘይት ካርቦን እንጂ በቂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሌለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከኤክሶን ቫልዴዝ መርከብ ድፍድፍ ነዳጅ ሲፈስ በአላስካ ዳርቻዎች ማዳበሪያ የተረጨው ለዚሁ ነበር። አየርም ያስፈልጋል፤ ክረምት ላይ ውኃ በተኛበት ጥቁር አፈር ሥራው በእጅጉ ይዘገያል። በጎጃም ደግሞ የአሲዳማነት ጉዳይ አለ። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚስማማቸው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ከ6 እስከ 8 ስለሆነ፣ ገበሬው ለስንዴው የሚበትነው ኖራ እዚህም ይረዳል። አፈሩን መገልበጥ፣ ፍግ መቀላቀልና እርጥበቱን መጠበቅ ነው ዋናው ሥራ።

በተቃጠለ ዘይት ውስጥ የሚገኙት እርሳስና ዚንክ ግን ብረታ ብረት ናቸው፤ የትኛውም ባክቴሪያ አፍርሶ አያጠፋቸውም። ስለዚህ ጥቁረቱ ለቀቀ ተብሎ፣ አፈሩ በቤተ ሙከራ ሳይመረመር ጎመን ሊተከልበት አይገባም።