የሰማይ ማመሳከሪያ ምንድን ነው? ኳሳርስ «ነጥብ» ነው?

«የሰማይ ማመሳከሪያ ማለት ከማይነቃነቁ ነጥቦች የተሠራ ካርታ ነው፤ የኳሳሮቹን ምስል ማንሳት ለጌጥ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። አሁንስ ዝም ማለት አቃተኝ። ወዳጄ፣ የዚህ ካርታ ምልክት የሆነው ኳሳር፣ ማለትም እጅግ የራቀ ጋላክሲ ደማቅ እምብርት፣ ነጥብ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጣርማበር ላይ ቆመሃል እንበል። ከገደሉ ማዶ የሆነ ሰው እሳት አንድዷል። አቅጣጫውን መለካት ትፈልጋለህ፣ የሚታይህ ግን ጭሱ ነው። ጭሱ ላይ ካነጣጠርክ እሳቱን ስተኸዋል። ነፋሱ ሲዞር ወይም ማገዶ ሲጨመርበት ልኬትህ አብሮ ይሄዳል፤ እሳቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ኳሳርም እንዲሁ ነው። መሃሉ ላይ ግዙፍ ብላክ ሆል አለ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ጄት የምንለው የቅንጣቶች ጅረት ይወረወራል። በሬዲዮ አንቴና በ2.3 እና በ8.4 ጊጋኸርዝ ስናየው የጄቱ ሥር የራሱን ሞገድ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ደምቆ የሚታየን ከሥሩ ራቅ ያለው ቦታ ነው። ፍሪኩዌንሲውን ወደ 24 ወይም 32 ጊጋኸርዝ ስናወጣው ጭሱ ይሳሳል፣ ወደ እሳቱ እንጠጋለን። ምስል የምናነሳው የትኛው ኳሳር ሰብሰብ ያለ እንደሆነ፣ የትኛው ጄቱን እንደዘረጋ፣ የትኛው ካምናው ቅርጹ እንደተለወጠ ለመለየት ነው። ታዲያ ይሄ ጌጥ ነው?

ከ2019 ጀምሮ የምንሠራበት ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የሰማይ ማመሳከሪያ (ICRF3) በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ 4536 ምንጮች አሉት፣ በ24 ጊጋኸርዝ 824፣ በ32 ደግሞ 678። የካርታውን አቅጣጫ አንቀው የያዙት 303ቱ ብቻ ናቸው። የስህተቱ ወለል፣ ማለትም ከዚያ በታች የማይወርደው የልኬት ስህተት፣ 30 ማይክሮ አርክ ሰከንድ ነው፤ ጨረቃ ላይ የተቀመጠ ስድስት ሳንቲሜትር የማይሞላ ዕቃ ከምድር ሲታይ እንደማለት። እኔ መሬት ለኪ ነኝ፣ ነገሩ ሩቅ አይደለም፦ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምድር ምን ያህል እንደዞረች ለብቻቸው አያውቁም፤ የሚነግራቸው የእነዚህ ኳሳሮች ልኬት ነው።

ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ሁሉን ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። 22 ጊጋኸርዝ አካባቢ የአየሩ የውሃ ትነት ሞገዱን ይውጣል። የጣርማበርን ጉም ማለቴ ሳይሆን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎም ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን ትነት ነው። ብዙዎቹ ምንጮችም እዚያ ላይ ይደክማሉ፣ አንቴናውም ይበልጥ በትክክል ማነጣጠር አለበት። የደቡቡ ሰማይ ደግሞ አንቴና ስላነሰው፣ እንደ ደቡብ አፍሪካው ሃርተቤስትሁክ ያሉ ጥቂት ጣቢያዎች ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።