የከፍታ ሕመም ምንድን ነው?

የከፍታ ሕመም ሰውነት ሳይለምደው በፍጥነት ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲወጣ የሚይዝ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል። በስሜን ተራሮች መንገደኛ የሚያድርባቸው ዋና ዋና ቦታዎች ከዚህ በላይ ናቸው፦ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ግድም ነው።

ላይም ታችም በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ጉድለቱን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ የደሙ የአሲድ ሚዛን ይዛባና አንጎል ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። ኩላሊት ይህን እስኪያስተካክል ቀናት ይፈጃል። እንቅልፍ ሲወስደን ደግሞ ትንፋሽ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ሕመሙ ሌሊት የሚብሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ መቁጠር ያለብን ቀን የረገጥነውን ጫፍ ሳይሆን ያደርንበትን ከፍታ ነው።

ጉልበት ከዚህ አያድንም። እንዲያውም ጠንካራ ወጣት ስለሚፈጥን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይታመማል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚውል ስለሚያድር ጥቂት ይቀለዋል፤ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ በርሮ የመጣ ዘመዱ ግን ከዜሮ ነው የሚነሣው። የአካባቢውን ሰው እርምጃ እከተላለሁ ማለትም አያዋጣም። በዚያው በስሜን በሚገኘው አምባራስ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የነዋሪዎቹ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) እና የደም ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዳ ሰው ያንን አቅም በሁለት ቀን አያገኘውም።

ዋናው ምልክት ራስ ምታት ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። እኛ ዘንድ ቶሎ «ምች መታኝ» ወይም «ፀሐይ ነው» ይባልና ዳማከሴ ተሽቶ ጉዞው ይቀጥላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ግን ራሱን ያመመው ሰው ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመምተኛ ነው ብላችሁ ያዙት። ቀላሉ ዓይነት በዕረፍት፣ ውሃ በመጠጣትና በፓራሲታሞል በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ እስኪለቅ ድረስ አንድ ሜትር እንኳ ወደ ላይ አይኬድም።

የሚገድሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ነው፦ ሰውየው ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ኋላ ላይ አረፋ ያለው አክታ ይወጣዋል። ሌላው የአንጎል እብጠት ነው፦ ይወላገዳል፣ ንግግሩ ይምታታል፣ ነገር ይጠፋበታል። ስትጠራጠሩ አንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጫፍ ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር ጥቂት እርምጃ እንዲሄድ አድርጉት። ጤነኛ የሆነ ጓደኛው የሚያደርገውን እሱ ካቃተው ጨለማም ቢሆን ማውረድ ነው፤ ንጋትን መጠበቅ አደገኛ ነው።

ለመከላከል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ይታረፍ። የተለመደው ስህተት ጎንደር አድሮ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ገብቶ እዚያው መተኛት ነው፤ ይህ የ1,500 ሜትር ገደማ ዝላይ ነው። ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ እያደሩ መውጣት ይሻላል። ከጨነቅ 4,430 ሜትር አካባቢ የሚደርሰውን ቧሂትን ወጥቶ 3,200 ሜትር ላይ ወዳለው አምቢቆ ወርዶ ማደርም ለሰውነት ጥሩ ነው። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ በእነዚህ ሌሊቶች ይቅሩ።

ዳያሞክስ የሚባለው ኪኒን የኩላሊትን ሥራ ያፋጥናል። የተለመደው የመከላከያ መጠን 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል። ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት የማይስማማው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። ኪኒኑን ውጫለሁ ብሎ እየታመሙ መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

በራስ ዳሽን መንገድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አምቢቆ ዝቅ ያለ ቢሆንም ወደ ደባርቅ መመለሻው መልሶ በቧሂት ጀርባ ከ4,000 ሜትር በላይ ያሻግራል። ስለዚህ ጨነቅ ላይ ራሱን እያመመው ያደረ ሰው ቧሂትን መሻገር የለበትም፤ ከጨነቅ መኪና ወደ ታች ይወስደዋል። ማዶ ከተሻገረ በኋላ የባሰበትን ሰው በእግሩም በበቅሎም ወደ ቧሂት መልሳችሁ አታውጡት። ከአምቢቆ በታች ወዳለው መሸሃ ወንዝ አውርዱት፣ አብሮት ሰው ይቆይ፣ ስካውቱ (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) ወይም አስጎብኚው ስልክ ወደሚሠራበት ወጥቶ እርዳታ ይጥራ።